የፀሐይ አጻጻፍ

ስሜ ጥላዬ ነው፤ የምሸጠው ፀሐይ።
ቱሉ ዲምቱ ጥግ ነኝ፣ ከክፍያው መንገድ በላይ፤
በርሜል ከጣራ አስሬ፣ ቱቦውን ለሰማይ
ሰጥቼ እወርዳለሁ።
መብራት ሲጠፋበት ሰፈሩ በሙሉ
የእኔ ደንበኞች ብቻ በሙቅ ይታጠባሉ።

ሰፈሬማ ያውቀኛል። ማንንም ልጅ ብትጠይቅ፣
"ጎሚስታውን እለፍ፣ ድልድዩን ሳትዘልቅ
ወደ ግራ ታጠፍ፤ ቀይ በር አለ፣ ጠብቅ፤
ውሻው ይጮኻል እንጂ ነክሶ አያውቅም" ይልሃል።
ከዚህ መንደር ወዲያ ግን ስሜ የት ይሰማል?
ስልክ ውስጥ ያለው ፈላጊ፣ ያ የማይተኛ ደላላ፣
"ማሞቂያ" ቢሉት ቦሌን ይጠራል፣ ገርጂን፣ ሌላ ሌላ፤
እኔን አራተኛው ገጽ ላይ ጥሎኛል።
አራተኛ ገጽ ድረስ ማን ወርዶ ያውቃል?
እዚያ የተቀበረ ዕድርም የለው፣
ድንኳን የሚጥልለት፣ ስሙን የሚጠራው።

ሚልኪ፣ የኮዬ ፈጬዋ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጣች፤
የብየዳ ጠረጴዛዬን ጠርጋ ላፕቶፗን ዘረጋች፤
ገጼን አየች። ሳቋን ዋጠች።
"ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው? 'የታዳሽ ኃይል ቴክኖሎጂ
አቅርቦትና ተከላ'?
ማነው ሌሊት በብርድ፣ ሳሙና ዓይኑ ገብቶ፣
'ታዳሽ' ብሎ የሚጽፍ ርጥብ እጁን ዘርግቶ?
ሰው የሚጽፈው ጭንቁን ነው፦ 'ውሃው ለምን ቀዘቀዘ'፣
'አራስ ቤት መብራት ጠፋ'፣
'ቦይለር ቆጣሪ በላ፣ ብሬ ተመዘመዘ'።
በዚያ አንደበት ይጻፉለት፣ እሱ በሚጣራበት።"
ከዚያ ጣቷን ቀስራ፦
"ፀሐይንስ እንዴት ጻፏት?"

ይሄኔ አማቴ፣ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ሒሳብ የሚይዙልኝ፣
ከጥግ ቀና አሉ፤ ልጅቷን ትተው አፈጠጡብኝ።
አርባ ዓመት ማተሚያ ቤት፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው
ስህተት የለቀሙ ናቸው፣ እንደ ምስር ጠጠር፣ አጎንብሰው።
"እንዴት ማለት ምን ማለት ነው?
በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ነዋ!
ፊደሉን በስሟ ሰይመን ለሌላ ፊደል ልንድራት?
ይሄን ለማያውቅ ሰው ሙቅ ውሃ ምን ሊያደርግለት?"

ሚልኪ አልተከራከረች። ዝርዝሩን አዞረችላቸው፤
ባለፈው ወር፣ በዚህ ዙሪያ፣ ሰዎች ሲፈልጉ የጻፏቸው፦
ጸሃይ፣ ሁለት መቶ አሥር።
ጸሀይ፣ መቶ አርባ።
ፀሃይ፣ ዘጠና ምናምን።
"ጣይ" ያለም አለ፣ ከልቡ ይሁን ከቀልድ።
በወጉ፣ "ፀሐይ" ብሎ የጻፈ
ሠላሳ። በየማታው አንድ።

መነጽራቸውን አወለቁ። በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።
ግራይንደሩን አጠፋሁት።
"ሠላሳውም እኔ ነኝ" አሉ።
"እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ
እስከ አራተኛው ገጽ ወርጄ
አለህ ወይ ብዬ አይቼህ እመለሳለሁ።"

ማንም ምንም አላለም።
እሳቸው ግን ቀይዋን እስክሪብቶ መዘዙ፤
ስህተቱን ሁሉ ባንድ ረድፍ ደረደሩ፣ አንዱንም ሳይሰርዙ፤
አርባ ዓመት ያሳደዱትን በገዛ እጃቸው ጽፈው
ለሚልኪ ሰጧት፣ አንገታቸውን ደፍተው፦
"ይሄን ከገጹ እግር ሥር አድርጊው፤ ይግባ ሁሉም እንግዳ።
ራስጌው ላይ ግን የእኔዋ ትቆይ፣
ባትፈለግም፣ ጸድታ።"

ሐምሌ ነበር። ፀሐይ የሚገዛ ቀርቶ የሚያያትም አልነበር።
በመስከረም አጋማሽ ስልኬ ጮኸ፤
ሴት ናት፣ ከለገጣፎ፣ የምጥ ቀኗ የደረሰ፤
"ጎሚስታውን እለፊ፣ ድልድዩን ሳ..." ስል
"ግድ የለም፣ ካርታው ያመጣኛል" ብላ አቋረጠችኝ።
መጣችም። ውሻው ብቻ አላመነም።

ጋሽ ልሳነወርቅ ዛሬም ማታ ማታ ይፈልጉኛል።
"አገኙኝ?" እላቸዋለሁ ጠዋት።
"ሁለተኛው ገጽ ላይ ወጥተሃል" ይሉኛል፤
"መንገዱ አጠረልኝ።
ግን 'ይደውሉ' ካለው ኋላ
አራት ነጥብ ዘንግተሃል።"